ልጄ ላይ ይጠራ የነበረው «ባልክ» እንዴት እንደቀረ

ሜሪላንድ ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ሁለት ሳምንት ያባከነብንን ነገር ልንገራችሁ። የ14 ዓመቱ ልጄ ፒቸር (ለመቺው ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) ነው። ሦስተኛ ቤዝ ላይ የተጋጣሚ ሯጭ ሲኖር ዳኛው «ባልክ!» (ሯጭ እያለ ፒቸሩ የሚሠራው የአወራወር ጥፋት) ይላል፤ ሯጩም ዝም ብሎ ሄዶ ነጥብ ያስቆጥራል። ቤዞቹ ባዶ ሲሆኑ ግን ያው አወራወር ምንም አይባልም።

መጀመሪያ እጁ ፈጥኖ ይሆናል ብለን አዘገየነው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ትከሻው ተነቃንቆ ይሆናል ብዬ መስታወት ፊት አለማመድኩት። ያም አልሆነም።

በመጨረሻ ስልኬን ከጎን አቁሜ እግሩን ብቻ ቀረጽኩ። ቀኝ ጫማው ፒቸሩ ሲወረውር ከሚረግጠው ነጭ ላስቲክ ጋር ትይዩ ሆኖ ተለጥፏል፣ ግራ እግሩ ወደ ፊት ወጥቷል። የሜጀር ሊግን (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ደንብ 5.07 ሳነብ ገባኝ፦ ሯጭ ባለበት እንዲህ የቆመ ፒቸር በ«ስትሬች» እንደሚወረውር ይቆጠራል። በስትሬች ደግሞ ሁለት እጁን ከፊቱ አገናኝቶ እንቅስቃሴውን ሙሉ በሙሉ ማቆም አለበት። ልጄ ዋይንድአፕ (እንዲህ መቆም የማያስፈልግበት አወራወር) ላይ ያለ መስሎት ሳይቆም ነበር የሚለቀው።

አሁን ዋይንድአፕ ሲፈልግ የቀኝ ጫማውን ጫፍ መቺው ወደሚቆምበት ወደ ሆም ፕሌት ያዞራል፣ ግራ እግሩንም ከላስቲኩ ኋላ ያደርጋል። አቋሙን መቀየር የከበደው ልጅ መቺው ተራውን ከመጀመሩ በፊት ለዳኛው «ዋይንድአፕ ነው» ብሎ ማሳወቅ ይችላል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ ግን የተለየ ስለሆነ የራሳችሁን ሊግ መጽሐፍ እዩ። ከዚያ ወዲህ በሦስት ጨዋታ አንድም ባልክ አልተጠራበትም።