ከተሰበረው በርጩማ መጀመር፦ የተማሪዎችን የንድፍ ሥራ በስልክ ማህደር እንዴት እንመዝናለን?

ለመምህር «ማህደረ ተግባር» ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለው የሲፒዲ (የመምህራን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ማስረጃ የሚጠራቀምበት ቦክስ ፋይል ነው። ዓመቱን ሙሉ ከስቶ ይከርምና ሱፐርቫይዘር ይመጣል በተባለ ሳምንት በአንድ ሌሊት ይወፍራል። እኔም አወፍሬ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ የንድፍ ሥራቸውን በስልክ ማህደር እንዲይዙ ያደረግሁ ጊዜም ያንኑ ስህተት ደገምኩት፤ ያለቀለትን ሥራ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ አልኳቸው። ከ12 ቡድን 12 የሚያምር ፎቶ ደረሰኝ። ልጆቹ የት ላይ እንደተቸገሩ፣ ምን ሞክረው ምን እንደተዉ ግን ከአንዱም ፎቶ ላይ ማንበብ አልቻልኩም። በአንዱ ቡድን ሥራ ላይ የአናጢ እጅ እንዳለበት ያወቅሁት እንኳ አባትየው መንገድ ላይ አግኝተውኝ «መምህር፣ ስንት አገኘን?» ያሉኝ ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ሴሚስተር አካሄዱን ገለበጥኩት። ከዚህ በታች ያለው ያ የተገለበጠው አካሄድ ነው። እኔ የሞከርኩት ጅማ ውስጥ ከ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ነው፤ ክፍሉ 48 ልጅ፣ በአራት በአራት ሲከፈል 12 ቡድን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ተከታታይ ምዘና ስንል ብዙዎቻችን ተከታታይ ፈተና ማለታችን ነው፤ ከ5፣ ከ10፣ እንደገና ከ10 እያልን 100 እንሞላለን። እዚህ የምንፈልገው ፎርማቲቭ የሚባለውን ነው። ሥራው ገና በእጅ ላይ ሳለ ተማሪው ወዴት እየሄደ እንደሆነ፣ አሁን የት እንደደረሰና ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅበት ምዘና። ነጥብ የለውም። ነጥብ ስለሌለው ነው የሚሠራው።

ሥራውን መምረጥ

ንድፉ በሦስት ሳምንት የሚያልቅ፣ ሊፈርስና ሊጠገን የሚችል ነገር ይሁን። ፖስተር ለዚህ አይመችም፤ ፖስተር አይሰበርም። እኛ የመረጥነው ለክፍላችን የንባብ ጥግ የሚሆን መቀመጫ ነው፤ ከካርቶን፣ ከቀርከሃና ከተጣለ ጣውላ የሚሠራ። ጅማ ላይ ይህ ሥራ ከየትም ሀገር ይልቅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መማሪያው ቤታችን ውስጥ ነው። የጅማ በርጩማ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ሚስማር የለውም፣ ኮላ የለውም። ከየቤታቸው ሦስት አራት በርጩማ ይዘው እንዲመጡ አድርጉ። ጅሬን ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት መውጣት ከቻላችሁማ ልጆቹ ስለ እንጨት ሥራ የሚያዩት ብዙ ነገር አለ።

መስፈርቱን ከልጆቹ ጋር ማውጣት

በርጩማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ «ጥሩ መቀመጫ ነው የምንለው ምን ምን ሲያደርግ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚናገሩትን በራሳቸው ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ በመመሪያ ቋንቋ አታሳምሩት። የእኛ ክፍል ያወጣቸው ሦስት ነበሩ፦ «አይወዛወዝም»፣ «ልጅ ሲቀመጥበት አይታጠፍም»፣ «ዕቃው በገንዘብ አልተገዛም»። አራተኛ ልጨምር ብዬ ተውኩት። ስለ ውበት ነበር፤ ግን ውበትን መስፈርት ስናደርገው ልጆቹ ቀለም ለመቀባት ይሮጣሉ፣ እግሩ ይረሳል።

መስፈርቱ ተጽፎ በስልክ ፎቶ ይነሳና የማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ አስተያየት ሁሉ ከሦስቱ ወደ አንዱ ማመልከት አለበት።

ቦታውን ማዘጋጀት

አዲስ አፕ አትፈልጉ። ልጆቹም ወላጆቹም የሚያውቁት ቴሌግራም ነው። በግብዣ ብቻ የሚገባበት ዝግ ግሩፕ ክፈቱ። ለየቡድኑ አንድ ሃሽታግ ስጡ፣ ለምሳሌ #ቡድን3። ፎቶው ሲላክ ሃሽታጉ ከሥሩ ይጻፋል፤ በኋላ ሃሽታጉን ስትነኩት የዚያ ቡድን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተደርድሮ ይወጣል። ማህደሩ ማለት ይኸው ነው።

የዳታ ወጪ የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ በራሱ ያሳንሰዋል። 12 ቡድን አምስት አምስት ፎቶ ቢልክ 60 ፎቶ ነው፤ አንዱ 200 ኪሎባይት ቢሆን እንኳ ድምሩ 12 ሜጋባይት ነው። «እንደ ፋይል ላክ» የሚለውን ብቻ አይንኩ፤ ያኔ ፎቶው ሳያንስ ይሄዳል።

ስልክ ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ከሆነ፣ ብዙ ቦታም ክልክል ነው፣ የመምህሩ አንድ ስልክ ይበቃል። እኔ የማደርገው ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ስልኬን በየቡድኑ ማዞር ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው ያነሳሉ። ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋ ፎቶው ስልኩ ላይ ይቆያል፣ ማታ ይላካል። ስልክ ያለው ልጅ ስልክ ከሌለው የበለጠ ማህደር እንዳይኖረው ይህ አንድ ስልክ የሚባለው ነገር ክልከላ ባይኖርም ጥሩ ነው።

ወላጆችን በደብተር ጀርባ ላይ በተጻፈ አጭር ማስታወሻ አስፈቅዱ፣ ርእሰ መምህሩም ይወቁት። ፎቶ ላይ ፊት አይግባ፤ እጅና ሥራ ብቻ።

ፎቶው መቼና እንዴት ይነሳ

የጠቅላላው ነገር ልብ እዚህ ጋ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አራት ጊዜ ፎቶ ይነሳል፤ በእርሳስ የተሣለው ረቂቅ፣ የመጀመሪያው ሞዴል፣ የተሰበረበት ወይም የተንጋደደበት ቅጽበት፣ ከተስተካከለ በኋላ። ሦስተኛው ግዴታ ነው። የተሰበረ ነገር ያላሳየ ቡድን ማህደሩ ጎዶሎ ነው ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ያፍራሉ፤ የተበላሸውን ከወንበር ሥር ይደብቃሉ። ያላፈረውን ቡድን ፎቶ በክፍሉ ፊት አንስታችሁ «ይህ ዛሬ ብዙ ያስተማረን ነው» ስትሉ ግን በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው እየጠሩ «ቲቸር፣ የእኛም ተሰበረ!» ይላሉ።

ስለ አነሳሱ ጥቂት ነገር። ሥራውን ወደ መስኮት አስጠጉ፣ ፍላሽ አትጠቀሙ። የጅማ ሰማይ ከጠቆረ ክፍሉ ምሽት ይመስላልና ፎቶውን ለጠዋት ክፍለ ጊዜ ማድረግ ይሻላል። ከሥራው አጠገብ የ15 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ይቀመጥ፤ ካለዚያ አንድ ክንድ ይሁን አንድ ስንዝር አይለይም። አንዱ ፎቶ ከሩቅ፣ አንዱ ከመጋጠሚያው በጣም ቀርቦ። የካሜራውን መስታወት መጥረግ የማይረሳ ሰው አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

የአንድ ደቂቃ ድምፅ

ፎቶ ብቻውን ዲዳ ነው። ከሦስተኛውና ከአራተኛው ፎቶ ጋር ቡድኑ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይቅዳ፤ ሦስት ጥያቄ ይመልስ። ምን ለወጥን? ለምን? ቀጥሎ ምን እንሞክራለን? ጽሑፍ ሳይሆን ድምፅ ያልኩት ጽሑፍ ስንጠይቅ የምንመዝነው የእጅ ጽሕፈትና ሰዋስው ስለሚሆን ነው። በአማርኛ ይናገሩ፣ በአፋን ኦሮሞ ይናገሩ፣ ቀላቅለውም ይናገሩ፤ በርጩማው እንደሆነ በሁለቱም በርጩማ ነው። በየዙሩ የሚናገረው ልጅ ይለዋወጥ፤ ያኔ የማን እጅ ሥራው ላይ እንዳለ ይታወቃል። የአናጢው አባት ጉዳይ የተፈታው በዚህ ነው።

ዝናብ ሲመጣ አትቅዱ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ሁሉንም ይውጠዋል።

አስተያየቱ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ማህደሩን ከፍቶ «ጎበዞች» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ 8/10 ያደርግበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ ባሳተመችው ጥናት፣ አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ተማሪዎች በቀጣዩ ሥራ የተሻለ ፍላጎትና ውጤት ሲያሳዩ፣ ከአስተያየቱ ጋር ነጥብም የተሰጣቸው ግን ነጥብ ብቻ ከተሰጣቸው ልጆች የተሻሉ አልነበሩም። ነጥቡ አስተያየቱን ይበላዋል። በክፍል ውስጥ ስታዩት ግልጽ ነው፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሲመለስ ልጁ ቁጥሩን ያያል፣ የጎረቤቱን ቁጥር ያያል፣ ወረቀቱን ያጥፋል።

ስለዚህ ነጥብ የለም። አንድ አስተያየት ሦስት ነገር ይያዝ፦ ያየሁትን፣ የትኛውን መስፈርት እንደሚነካ፣ ነገ በእጅ የሚሞከር አንድ ነገር። በእኛ ክፍል አንድ ቡድን ባለአራት እግር የካርቶን መቀመጫ ሠርቶ በአንድ ጎኑ ታጠፈበት። ቀርቦ የተነሳውን ፎቶ ሳይ በካርቶኑ ሆድ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቦዮች እግሩ ላይ በአግድም እንደሄዱ ታየኝ። የጻፍኩላቸው ይህን ነበር፦ «የፊተኛው እግር መሐሉ ላይ ታጥፏል። ሁለተኛውን መስፈርት ይነካል። ካርቶኑን ስትቆርጡ ቦዮቹ ወዴት እንደሚሄዱ እዩና አንዱን እግር ቦዮቹ ወደ ላይ እንዲቆሙ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሁለቱን በእጃችሁ ተጭናችሁ አወዳድሩ።» ቦዮቹ ወደ ላይ ሲቆሙ ካርቶን ክብደት በደንብ ይሸከማል፤ ያንን ግን እኔ አልነገርኳቸውም፣ አራተኛው ፎቷቸው ነገረኝ። በድምፁ ላይ ልጅቷ «ካርቶኑ እንደ ሸንኮራ ነው፣ ቁመቱን ካልጠበቅንለት ይሰበራል» ትላለች።

የመምህር ጊዜ እንዳያልቅ 12ቱን በአንድ ማታ አትጀምሩ። ሰኞ አራት ቡድን፣ ረቡዕ አራት፣ ዓርብ አራት። በሥራው ላይ ሦስት ጉድለት ብታዩም አንዱን ብቻ ጻፉ፤ ሁለቱ ይቆዩ።

ልጆቹ እርስ በርስ

ይሉኝታ አለብን። ልጅ የጓደኛውን ሥራ አስተያየት ስጥ ሲባል ወይ «በጣም ያምራል» ይላል፣ ወይ ይስቃል። ሁለት መነሻ ብቻ ፈቅጄ ነው የተሻለኝ፦ «… አየሁ» እና «… ብትሞክሩ ምን ይሆናል?»። «ጥሩ ነው» እና «መጥፎ ነው» ለሦስት ሳምንት ታገዱ። ከሌላ ቡድን «አራቱም እግር ወለሉን እንዳልነካ አየሁ። አንዱን ብታነሱት ምን ይሆናል?» የሚል መጣ። ቡድኑ አንዱን እግር አንስቶ የቀሩትን ሦስቱን አራርቆ ተከለ፣ መወዛወዙ ቆመ። የሦስት እግር ጫፎች ወለሉ ምንም ያህል ቢጎረብጥ ሁሉም መሬት ይነካሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ነው አንዱ በአየር ላይ የሚቀረው። ከቤታቸው ያመጡት በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንደሆነ በዚያች ቀን ነው የገባቸው፤ እውነት ለመናገር እኔም ከዚያ በፊት ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ማህደሩ መምህሩንም ይቀይረው

ዓርብ ማታ 12ቱን ማህደር በተከታታይ እዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ የብዙዎቹ ችግር የት ጋ ነው? በሁለተኛው ሳምንት ከ12ቱ 7ቱ መጋጠሚያቸው ላይ ነበር የተላቀቀው፤ ሁሉም ኮላ እየጨመሩ ነው። የሰኞን ዕቅድ ቀደድኩና 40 ደቂቃውን ሙሉ ያለ ኮላ ካርቶንን በካርቶን በመሰንጠቅና በማሰካካት አሳለፍነው። ማህደሩን አይታችሁ የሰኞ ትምህርታችሁ ካልተለወጠ የያዛችሁት ማህደር ሳይሆን አልበም ነው።

ውጤት የግድ ሲጠየቅ

ይጠየቃል፤ ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ባዶ አይገባም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ እያንዳንዱ ቡድን ከማህደሩ ሦስት ፎቶ ይመርጣል፤ አንዱ የተሰበረበት መሆን አለበት። በሦስቱ ፎቶ ተደግፎ ከሦስቱ መስፈርት በየትኛው እንደተሻሻለ በክፍሉ ፊት ያስረዳል። እኔ ከ10 የምይዘው ያኔ ነው፤ 6ቱን ለሥራው፣ 4ቱን ከረቂቁ እስከ መጨረሻው ላለው ለውጥና ለምክንያቱ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ማስረጃ ሲሉ ሃሽታጉን ነክቶ ማሳየት ይበቃል። ቦክስ ፋይል አያስፈልግም።

ሴሚስተሩ ሲዘጋ የየቡድኑ ፎቶና ድምፅ በፍላሽ ወደ ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ይገለበጥ፤ የልጆቹ ስም ሳይሆን የቡድን ቁጥር ይጻፍበት። የሚፈልግ ልጅ የራሱን ከወሰደ በኋላ ግሩፑ ይጠፋል። ከእያንዳንዱ ዓመት ግን አንድ የተሰበረ በርጩማ ፎቶ አስቀሩ፤ የሚመጣው ዓመት ክፍል የመጀመሪያ ቀን ላይ የምታሳዩት እሱን ነው።