የማርሚታን ጫፍ በቤት ሲያጸዱና ሲወለውሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በወሎ መንገዶች የሚሠራ መኪና የማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ጫፍ ቶሎ ይጠቁራል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ የሚወጣ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጨምራል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህ ምክንያት ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ቀላቃይ) ያለው የቤንዚን ሞተርም ሆነ ቱርቦ (አየር ወደ ሞተር የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በሚገባ የሚያቃጥልበት ኦክስጅን ያንሰውና ጥቀርሻ ያበዛል። ስለዚህ የአካባቢያችን ባለ መኪና ይህን ጫፍ ደጋግሞ ማጽዳቱ አይቀርም፤ አያያዙን ካላወቀ ግን ጥቀርሻው ሳያልቅ ብረቱ ያልቃል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ጫፉ ከምን እንደተሠራ ሳይለዩ ማሸት መጀመር ነው። በብዛት የሚያጋጥመን በክሮም የተለበጠ ተራ ብረት፣ ስቴይንለስ የሚባለው የማይዝግ ብረት ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ጫፍ ነው። የክሮሙ ልባጥ ለዓይን ወፍራም ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) እንኳ አይሞላም፤ አንዴ ከተፋቀ በምንም ቅባት አይመለስም፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ክረምቱ ሲገባ መዛግ ይጀምራል። ስቴይንለስ ግን ከላይ እስከ ውስጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቢጫር እንኳ እንደገና ተወልውሎ ይስተካከላል። ብዙዎች ለመለየት ማግኔት ያስጠጋሉ፤ ይህ ግማሽ መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ማግኔት የሚስበው የስቴይንለስ ዓይነትም በማርሚታ ሥራ ላይ ይውላል። የተሻለው ምልክት ጠርዙ ነው፤ ልባጥ እንደ ቅርፊት ይላጣል ወይም ይነፋል፣ ስቴይንለስ ግን አይላጥም። ጥቁር ቀለም ለተቀባው ደግሞ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል፤ የመወልወያ ቅባት ቀለሙን ይበላዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ መጠቀም ነው። ሽቦው ክሮምን ይጭራል፤ በስቴይንለስ ላይ ደግሞ ከራሱ የሚረግፈው የብረት ብናኝ ተለጥፎ ይቀርና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ ባለቤቱም የማይዝግ የተባለው ብረት የዛገ ይመስለዋል። በክሮም ላይ ለሚታይ ቀላል ዝገት የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨብጦ በውኃ እያረጠቡ ቀስ ብሎ ማሸት እጅግ የተሻለ ነው፤ አሉሚኒየም ከክሮም በጣም የለሰለሰ ስለሆነ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ልባጡን አይጭርም። ብርጭቆ ወረቀት የሚፈቀደው ለስቴይንለስ ብቻ ነው፤ እሱም ጥልቅ ጭረት ሲኖር፣ በውኃ እየተነከረ፣ ከ800 ቁጥር ተጀምሮ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) በ1000 እና በ1500 በኩል እስከ 2000 ቁጥር በቅደም ተከተል መሆን አለበት። መካከሉን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ወረቀት የተወውን ጭረት በኋለኛው ማጥፋት አይችልም።

ኃይለኛ ኬሚካል ማፍሰስ በተለይ ሊያሳስበን የሚገባ ስህተት ነው። በረኪና ጥቀርሻን አይፈታም፤ በውስጡ ያለው ክሎሪን ግን የስቴይንለስን መከላከያ ሽፋን ሰብሮ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያበጃል። የባትሪ አሲድም ብረቱን ይበላል፣ ቆዳንና ዓይንንም ያቃጥላል። ከሁሉም በላይ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር መቀላቀል ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይሞከር። ለተጋገረ ጥቀርሻ ለብ ያለ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ ሳሙናው ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ካልለቀቀ ይደገም። ጓንት መልበስም አይረሳ፤ የናፍጣ ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረጋገጠው ሲሆን፣ ጥቀርሻው የዚያው ጭስ ቅሪት ነው።

ጉዞ እንዳበቃ ወዲያው ማጽዳትም ስህተት ነው። የጋለ ብረት እጅ ያቃጥላል፣ ሳሙናውንም ሳይታጠብ አድርቆ ምልክት ይተዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል መጠበቅ ይበጃል። በመስከረም ከግሸን ማርያም በጭቃ ተለውሶ የተመለሰ ወይም በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወርዶ አቧራ የጠጣ መኪና ደግሞ በመጀመሪያ በውኃ መለቅለቅ አለበት፤ አሸዋው ሳይለቀቅ በጨርቅ የታሸ ክሮም ጭረት ብቻ ያተርፋል። ሲለቀለቅም ውኃው ከጎን ይፍሰስ እንጂ በግፊት ወደ ቱቦው ውስጥ አይላክ።

በስቴይንለስ ላይ የሚታየውን ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ መፋቅ ድካም ነው። ቀለሙ ሙቀት ያወፈረው የብረቱ ሽፋን ነው፤ በመወልወያ ቅባት ይነሳል፣ ሞተሩ ሲሠራ ግን ይመለሳል። የመኪና ሰም መቀባትም ብዙ አያዋጣም፤ በመኪና ሰም ውስጥ የሚገባው ካርኑባ የተባለ የዕፅዋት ሰም ከ82 እስከ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ በሙቅ ጫፍ ላይ አይቆይም። ለብረት ተብሎ የተዘጋጀ ሙቀት የሚችል መከላከያ ይመረጣል። ጫፉ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ደግሞ ቀለምም ሽታም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወት ያስከፍላል።

የመጨረሻው ስህተት ጥቀርሻውን ሳያዩ መጥረግ ነው። ጣት ላይ ደርቆ የሚበን ጥቁር ዱቄት በጥቂቱ ሲሆን በደጋ አየር የተለመደ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ከወፈረ ግን የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ወይም ነዳጅ ረጪው ኢንጀክተር ከልክ በላይ ነዳጅ እየረጨ ሊሆን ይችላል። እርጥብና ቅባታም ሆኖ ጨርቁ ላይ ከተጣበቀ ሞተሩ ዘይት እየበላ ሊሆን ስለሚችል፣ የዘይቱ መጠን በዚያው ቀን ይታይ፤ ጎድሎ ከተገኘም መኪናው ለመካኒክ ይታይ።