በቦርከና ዳር ስንገነባ ወንዙን ከደለል፣ ከሲሚንቶና ከዘይት ስለ መጠበቅ

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መካከል የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ በዳገቷ ላይ ተቆፍሮ ሜዳ ላይ የተተወ አፈር በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ወደ ቦርከና ነው። ቦርከና ደግሞ በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ጨፋ ሜዳ ይወርዳል፤ በዚያም በበጋ ከብቱን ይዞ የሚሰፍረው አርብቶ አደር ይህንኑ ውኃ ያጠጣል። በወንዝ ዳር የድጋፍ ግንብ፣ ድልድይ ወይም ቤት የሚሠራ ሰው ይህን መንገድ ከልቡ አውጥቶ ሥራ መጀመር የለበትም።

በቅድሚያ የሚወሰነው ጊዜው ነው። በደቡብ ወሎ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል፣ «እስከ ሰኔ ጊዜ አለን» ማለት አያዋጣም፤ የመሠረት ቁፋሮ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በወንዙ ዳር በእግር እየሄዱ ያለፈው ክረምት ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ መለየት ያስፈልጋል፤ ቁጥቋጦ ላይ ተጠምጥሞ የቀረ ፌስታል፣ ጭራሮና የደረቀ ጭቃ ልኩን ያሳያሉ። ከዚያ ምልክት በታች አፈርም፣ አሸዋም፣ ሲሚንቶም፣ ነዳጅም አይቀመጥም። በአንድ ወቅት በሠራሁበት ቦታ ጅረቱ ደርቆ ስለ ነበር፣ ከመሠረት የወጣውን አፈር እዚያው ጅረቱ ውስጥ ከመርነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስመለስ ከክምሩ አንድ አካፋ እንኳ አልቀረም፤ ከታች ያለው የገበሬዎች የመስኖ ቦይ ግን እስከ አፉ በደለል ተደፍኖ ነበር። የደረቀ ጅረትም ወንዝ መሆኑን ዛሬ ለማንኛውም ፎርማን አስቀድሜ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠውም አፈር ቢሆን በሸራ ይሸፈናል፤ ከበላዩ ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ይቆፈራል፤ ከበታቹም አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይደረደራል። ከመሠረት ጉድጓድ በፓምፕ የሚወጣው ድፍርስ ውኃ በቀጥታ ወደ ወንዙ መለቀቅ የለበትም። አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰጥም ደቃቅ የሸክላ አፈር ግን ለመርጋት ቀናት ሊወስድበት ስለሚችል፣ ውኃውን መጀመሪያ በማጠራቀሚያ ጉድጓድ ማሳረፍ፣ ከዚያም የፓምፑን ቱቦ አፍ ከላይ አንሳፍፎ የጠራውን ብቻ መቅዳትና ሣር ወዳለበት ሜዳ ማፍሰስ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚንቀው የሲሚንቶ እጣቢ ነው፤ እኔ ግን ከደለሉ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። ገና ያልደረቀ አርማታ የነካ ውኃ የፒኤች መጠኑ (የውኃን አሲድነት ወይም አልካሊነት የሚያሳየው ቁጥር) 12 እና ከዚያ በላይ ሊደርስ ስለሚችል የዓሣን ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻውን፣ ያቃጥላል፤ ሲረጋም ንጹሕ ስለሚመስል ያታልላል። ሚክሰሩ፣ አካፋውና ጋሪው የሚታጠቡት ከወንዙ ርቆ በተቆፈረና ወፍራም ላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ላይ ብቻ ይሁን፤ ዝቃጩ ሲደርቅ ተሰብሮ ለመሙያ ይውላል። ወንዝ ውስጥ አርማታ የሚሞላ ከሆነ ውኃው በጆንያ ግድብ ተገድቦ አርማታው እስኪጠነክር ድረስ ቦታው ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት።

ናፍታ የሚቀመጠው ከበርሜሉ ይዘት ቢያንስ 10 በመቶ በሚበልጥ ገንዳ ውስጥ ነው፤ ለ200 ሊትር በርሜል 220 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ማለት ነው። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ይጠራቀማል፤ መሬት ላይ አይደፋም። ለሚያመልጠው ጠብታ ሰጋቱራና አሸዋ በቅርብ ይኑር።

በየቀኑ ጠዋት ከሥራው ቦታ በላይና በታች፣ ሕዝቡ ሃይላንድ በሚለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ቀድቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ቀላል መቆጣጠሪያ ነው። የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ከደፈረሰ ሥራው ይቆምና ምንጩ ይፈለጋል።

በሕግ በኩል፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ስላሉ፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃዱን ሳይዝ ቁፋሮ መጀመር አይችልም።

ሥራው ሲያልቅ የተገደበበት ጆንያ እስከ መጨረሻው ይነሣል፤ የተራቆተው ዳርቻም ሥሩ ጠልቆ አፈር በሚይዘው በቬቲቨር ሣር ይሸፈናል። ሣሩ ዝናቡ እንደ ጀመረ ቢተከል ይጸድቃል፤ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላም ተመልሶ መጥቶ የተሸረሸረውን ማየትና የጎደለውን መተካት ያስፈልጋል።