ግሱን ከነጅራቱ ያዙት

አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ጉድ የሠራችኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሁለት የውጭ እንግዶች ይዤ ደባርቅ ልሄድ ነበር። ማታ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን መኪናው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ዘ ካር ዊል ቢ ሂር አንቲል ሲክስ» አልኳቸው። በእኔ ቤት «መኪናው እስከ 12 ሰዓት እዚህ ይደርሳል» ማለቴ ነው። እነሱ የሰሙት ሌላ ነው፤ መኪናው እዚህ የሚቆመው እስከ 12 ሰዓት ነው፣ ከዚያ ጥሎን ይሄዳል። ለ12 ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከሾፌሩ ጋር ደረስን። ሰዎቹ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። መኪናው ቀድሞ የሄደ መስሏቸው ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። የጎንደርን የጥር ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሴትዮዋ የጥበቃውን ጋቢ ተከናንባ ነበር።

ያጠፋሁት አንዲት ቃል ነች። «ባይ ሲክስ» ማለት ነበረብኝ። አማርኛ ለሁለቱም «እስከ» ይበቃዋል፦ እስከ ሐሙስ እቆያለሁ፣ እስከ ሐሙስ እጨርሳለሁ። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ሳይቋረጥ የሚቀጥል ነገር ከሆነ፣ እንደ መቆየት፣ እንደ መተኛት፣ አንቲል ነው። አንዴ ሆኖ የሚያበቃ ከሆነ፣ እንደ መድረስ፣ እንደ መክፈል፣ ባይ ነው። ይቺን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም አትከስሩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሪፖዚሽን (መስተዋድድ) የሚባሉትን ትንንሽ የእንግሊዝኛ ቃላት መከታተል ጀመርኩ። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ለየብቻቸው መሸምደድ ከንቱ ድካም መሆኑ ነው። «በ»ን ተመልከቱ። በመኪና መጣሁ ስትሉ ባይ ካር ነው። በእግሬ መጣሁ ኦን ፉት። በቢላ ቆረጥኩ ዊዝ ኤ ናይፍ። በጥር ወር ኢን ጃንዋሪ፣ በሌሊት አት ናይት፣ በጠዋት ደግሞ ኢን ዘ ሞርኒንግ። አንዲቷ «በ» አምስት ቦታ ተበተነች። ስለዚህ «በ በእንግሊዝኛ ምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ስህተት ነው። መጠየቅ ያለበት «ይሄ ግስ ከኋላው ማንን ያስከትላል?» ተብሎ ነው። እኔ ጅራት እለዋለሁ። ግሱን ከነጅራቱ እንደ አንድ ቃል ያዙት።

ብዙ የሚያሳስቱን አማርኛው «ን» ብቻ ብሎ የሚያልፋቸው ናቸው። እሱን ጠበቅኩት እንላለን፣ እንግሊዝኛው ዌይት ፎር ይላል። አዳመጥኩት፣ ሊስን ቱ። አየሁት፣ ሉክ አት። ፈለግኩት፣ ሉክ ፎር። ተንከባከብኩት፣ ሉክ አፍተር። ሦስቱን ሉኮች አስተውሉ፤ ግሱ አልተነካም፣ ጅራቱ ሲቀየር ግን ማየት፣ መፈለግና መንከባከብ ሆነ።

ተቃራኒውም አለ። እኛ «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለምንል ዲስከስ አባውት ይቀናናል። ዲስከስ ግን ጅራት የለውም፤ ዲስከስ ዘ ፕሮብለም፣ አለቀ። ወደ ክፍሉ ገባሁ ለማለትም ኢንተር ዘ ሩም ይበቃል፣ ቱ አያስፈልግም። ጎንደር ደረስኩ ሲባል ሪች ጎንደር ነው፤ በአራይቭ ካላችሁ ግን አራይቭ ኢን ጎንደር። አራይቭ ቱ የሚል ሰው በቀን አሥር ጊዜ ነው የምሰማው፣ ድሮ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ሌላው ደግሞ ጋብቻ ነው። ከእሷ ጋር ተጋባሁ ስለምንል ሜሪድ ዊዝ እንላለን። ሜሪድ ቱ ነው። «ሜሪድ ዊዝ» ብላችሁ የሚስታችሁን ስም ስትጠሩ ፈረንጁ ግር ይለዋል፤ ምክንያቱም ሜሪድ ዊዝ ቱ ቺልድረን የሚባል ትክክለኛ አነጋገር አለ፣ ያገባና ሁለት ልጆች ያሉት ማለት ነው።

አሁን የምወዳት ዘዴ። አማርኛ ከግሱ መጨረሻ ላይ ራሱ ጅራት ይቀጥላል፦ «-ልኝ» እና «-ብኝ»። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፣ ማንም አስተማሪ ግን አላሳየኝም። ኳሱን ወረወረልኝ በሉ፤ እንድይዘው ነው፣ ስሮው ቱ ሚ። ድንጋይ ወረወረብኝ በሉ፤ ሊመታኝ ነው፣ ስሮው አት ሚ። ጮኸብኝ፣ ሻውት አት ሚ። ሳቀብኝ፣ ላፍ አት ሚ። እናንተ ላይ ተነጣጥሮ የመጣ ነገር ከሆነ አት ነው። ሳይነጣጠር እንዲሁ የደረሰባችሁ መከራ ሲሆን ደግሞ ኦን ይሆናል። ስልኩን ዘጋብኝ፣ ሃንግ አፕ ኦን ሚ። አዘዞ መንገድ ላይ የባጃጁ ሞተር ጠፋብኝ፣ ዘ ኢንጂን ዳይድ ኦን ሚ። ይሄን ለሾፌሮች ስነግራቸው ሁሌ ይስቃሉ፣ ሞተር «ሞተብኝ» የምንለው እኛ ብቻ መስሏቸው። «-ልኝ»ም ለሁለት ይከፈላል። እጃችሁ የሚደርስ ነገር ከሆነ ቱ፤ ላከልኝ፣ ጻፈልኝ። ውለታ ከሆነ ፎር፤ ገዛልኝ፣ አበሰለልኝ። ሁልጊዜ አይሠራም፣ ግን ግራ ሲገባችሁ ከመገመት ይሻላል።

«ላይ»ም ታማኝ ወዳጅ ነው፣ በአብዛኛው ኦን ይሆናል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት ጣሪያው ላይ ናቸው፣ ኦን ዘ ሲሊንግ። ስልክ ላይ ነኝ፣ ኦን ዘ ፎን። በአየሩ ላይ ይመሠረታል፣ ዲፔንድ ኦን ዘ ዌዘር። በር ላይ ቆሜያለሁ ስትሉ ግን ይከዳችኋል፤ አት ዘ ዶር ነው።

ትራንስፖርት በአጭሩ፦ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ኢን፣ ቆማችሁ የምትሄዱበት ወይም የምትፈናጠጡት ኦን። ባጃጅና ታክሲ ኢን፣ አውቶቡስና አውሮፕላን ኦን፣ የሰሜን ተራሮች በቅሎም ኦን።

ስም ላይ ስንመጣ ጣጣው «የ» ነው። «የ»ን ሁሉ ኦቭ እናደርገዋለን። በነገራችን ላይ ኦቭ በቪ ድምፅ ነው፣ ኦፍ ሌላ ቃል ነው፣ መውረድና መጥፋት ውስጥ የሚገባው። የችግሩ መፍትሔ፣ ሶሉሽን ቱ። የበሩ ቁልፍ፣ ኪ ቱ። የዋጋ ጭማሪ፣ ኢንክሪስ ኢን። የመዘግየቱ ምክንያት፣ ሪዝን ፎር። ደግሞ ጅራት የሌለው ግስ ስም ሲሆን ጅራት ያበቅላል። ቪዚት ጎንደር እንላለን፣ ጉብኝቴ ሲሆን ግን ማይ ቪዚት ቱ ጎንደር። አንሰር ዘ ኩዌስችን፣ ግን ዘ አንሰር ቱ ዘ ኩዌስችን። ዲስከስም እንዲሁ፤ ዲስከሽን ሲሆን ያ የከለከልናችሁ አባውት ይፈቀድለታል።

ለአስጎብኚዎች ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ልስጥ፣ እነሱን የያዘ ግማሹን ይዟል። ግንቡ ቢልት ባይ ፋሲለደስ ነው፣ ሠሪው ባይ ይወስዳል። ቢልት ኦቭ ስቶን ነው፣ ድንጋዩ ድንጋይ እንደሆነ አለና። ከተማዋ ፋውንድድ ኢን 1636፣ ዓመት ኢን ይወስዳል። ፋሲል ግቢ ኦን ዘ ወርልድ ሄሪቴጅ ሊስት ሲንስ 1979፤ እኛ መዝገብ ውስጥ ብንልም እነሱ ሊስት ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። የኦቭን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ መሶብ ሜድ ኦቭ ግራስ ነው፣ አክርማውና ስንደዶው ይታያልና። እንጀራ ግን ሜድ ፍሮም ጤፍ። ጤፉን እንጀራው ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ ተለውጧል።

ጥያቄ ሲሆን ጅራቱ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይቀራል። ማንን ነው የምትጠብቀው? ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር። ይሄ ከባድ ይመስላል እንጂ ታውቁታላችሁ። ፋሲል ግቢ በር ላይ ያደገ ሕፃን ሁሉ «ዌር አር ዩ ፍሮም» ይላል፣ ያቺ ፍሮም መጨረሻ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ ሳይጨነቅ። ከጅራት ኋላ ግስ ከመጣ ደግሞ በኢንግ ያልቃል፦ ጉድ አት ኩኪንግ፣ ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ። ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩም እንዲሁ ነው፣ ቱዋ አታታልላችሁ።

እንዴት ልለማመድ ካላችሁ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ትንሽ ደብተር ገዛሁ። ዲፔንድን ብቻውን አልጽፍም፣ ዲፔንድ ኦን እላለሁ፣ ከሥሩ ከራሴ ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር። ካልገባኝ የኦክስፎርድ ወይም የካምብሪጅን የተማሪ መዝገበ ቃላት ስልኬ ላይ እከፍታለሁ፤ ጅራቱን ከግሱ ጎን ያሳያሉ። ጆሮ ላይ ብዙ አትተማመኑ። ፈረንጆች እነዚህን ቃላት ይውጧቸዋል፣ ፎር «ፈ» ሆና ታልፋለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ በዓይን ማየት ይሻላል።

ለዛሬ ይቺን ሞክሩ፣ መልሱን በእጅ ሸፍኑ፦ «ባለቤቴ ስልኩን ዘጋችብኝ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ ጠየቅኳት።» ማይ ዋይፍ ሃንግ አፕ ኦን ሚ፣ ሶ አይ አፖሎጃይዝድ ቱ ኸር ፎር ቢይንግ ሌት። ኦን፣ ቱ፣ ፎር።