የክልላችሁን በጀት በእርሳስና በወረቀት እንዴት ታነባላችሁ?

በየዓመቱ የክረምቱ መግቢያ ላይ የሲዳማ ክልላችን ምክር ቤት ሐዋሳ ተሰብስቦ በጀት ያጸድቃል። ማታ በዜና አንድ ትልቅ ቁጥር ይነበባል። "ከአምናው ይህን ያህል ብልጫ አለው" ይባላል፣ በቃ። በማግስቱ ሻይ ቤት የሚወራው ያው ቁጥር ነው። እኔም ለዓመታት ከዚያ አልፌ አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት ግን ለሰፈራችን ትምህርት ቤት ይጨመራሉ የተባሉት ክፍሎች መሠረታቸው ከወጣ በኋላ ግንባታቸው ቆመ። በጀቱ ጸድቋል፤ ብሩ ግን አልመጣም። በጀት ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ ሳይሆን ይመጣል ተብሎ የታሰበ ገንዘብ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማነበው።

1. ወረቀቱን አግኙ

የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የሚያስፈልጋችሁ የጸደቀው የበጀት አዋጅና ሰንጠረዡ ነው። የክልሉን ፋይናንስ ቢሮ ወይም የወረዳችሁን ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በወረዳ ደረጃ ተጠቃሎ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍበትም ቦታ አለ። የአምናውንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ያለ እሱ የዘንድሮው ቁጥር ብዙ አይናገርም።

ሁለት ነገር እንዳያምታታችሁ። የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር የራሱ ምክር ቤትና የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለው፤ የከተማው በጀትና የሲዳማ ክልል በጀት አንድ አይደሉም። ደግሞ ክልሉ ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ2012 ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች የቀድሞው ደቡብ ክልል ናቸውና ጎን ለጎን አታስቀምጧቸው።

2. ገቢውን በምንጩ ለዩት

ወረቀታችሁ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፤ የራስ ገቢ፣ የፌዴራል ድጎማ፣ ዕርዳታና ብድር።

የራስ ገቢ ማለት ክልሉ ራሱ የሚሰበስበው ነው። ማን ምን እንደሚሰበስብ በሕገ መንግሥቱ ከአንቀጽ 96 እስከ 98 ተጽፏል። ሐዋሳን ይዛችሁ ብታዩት ቶሎ ይገባል። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው የፌዴራል ተቀጣሪ ነው፤ ከደመወዙ የሚቆረጠው ግብር ለፌዴራል መንግሥት ይገባል። በክልሉ ትምህርት ቤት የምታስተምረው እህቱ የምትከፍለው ግን ለክልሉ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛም ግብሩ ለክልሉ ነው። ፒያሳ ሱቅ ያለው ነጋዴ የትርፍ ግብር፣ የገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ፣ የቤት ኪራይ ገቢ ግብር፣ ሁሉም የክልሉ ናቸው። ሐይቁ ላይ ሰው የሚያመላልሰው ጀልባ ገቢ ሳይቀር ለክልል ተሰጥቷል። በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ግን ከዚያ ትራንስፖርት የሚገኘው ግብር የፌዴራል ነው። የኩባንያዎች ትርፍ ግብር ደግሞ የጋራ ነው፤ ይካፈሉታል።

ድጎማው የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያጸድቀው ቀመር ነው። ቀመሩ የክልሉን የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ያያል። ለምሳሌ በ2017 የፌዴራል መንግሥት መጀመሪያ ካጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ውስጥ 222.7 ቢሊዮኑ ለክልሎች ድጎማ የተመደበ ነበር።

አሁን የራስ ገቢውን ለጠቅላላው አካፍሉት። ክልሉ በራሱ እግር ምን ያህል እንደቆመ የሚነግራችሁ ያ መቶኛ ነው።

3. ወጪውን ለሁለት ክፈሉት

መደበኛ በጀት ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ነው። ካፒታል በጀት ደግሞ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ የውሃ ተቋም፣ መማሪያ ክፍል የሚሠራበት ነው። ሪፖርት ላይ "ድህነት ተኮር ሴክተሮች" ሲባል ትምህርት፣ ጤና፣ ግብርና፣ ውሃና የገጠር መንገድ ማለት ነው።

ለወረዳዎች በጥቅል የሚተላለፈውን ድርሻ አትዝለሉት። አስተማሪውም ጤና ባለሙያውም በአብዛኛው ደመወዝ የሚበላው ከወረዳ ነው።

4. ጉድለቱን ፈልጉ

ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። በክልል በጀት ሰንጠረዥ ላይ ገቢና ወጪ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ሆኖ ታገኙታላችሁ። "ጉድለት የለም" ብላችሁ እንዳታልፉት። የፌዴራል መንግሥት ጉድለቱን በብድር ይሸፍናል። ክልል ግን መበደር የሚችለው ከአገር ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱም የፌዴራል ሕግ በሚያስቀምጠው ሁኔታ። ስለዚህ የክልል ጉድለት የሚታየው በዓመቱ መሐል ነው።

እንዴት እንደሆነ በምሳሌ ልንገራችሁ። ቁጥሩ ስሌቱ እንዲገባችሁ እኔ ያመጣሁት ነው። አንድ ክልል 20 ቢሊዮን ብር አጸደቀ እንበል፤ ድጎማ 11፣ የራስ ገቢ 8፣ ዕርዳታ 1። ከዚህ 14 ቢሊዮኑ መደበኛ፣ 6 ቢሊዮኑ ካፒታል ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ከ8 ቢሊዮኑ የተሰበሰበው 6.5 ሆነ። የጎደለው 1.5 ቢሊዮን ነው፤ ከጠቅላላው 7.5 በመቶ። ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ግን ደመወዝ አይቀነስም። ስለዚህ ጉድለቱ በሙሉ ካፒታሉ ላይ ያርፋል፤ 6 የነበረው 4.5 ይሆናል። ከግንባታው ሩቡ ሄደ ማለት ነው። የሰፈራችን ክፍሎች የቆሙት እንዲህ ባለ ስሌት ይመስለኛል።

ስለዚህ የራስ ገቢውን ዕቅድ ከአምናው ክንውን ጋር አስተያዩ፤ ከአምናው ዕቅድ ጋር ግን አይደለም። አምና 6.5 የሰበሰበ ዘንድሮ 10 ካቀደ፣ ልዩነቱ ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቁ። ዕዳም ፈልጉ። ክልሎች ለገበሬው የማዳበሪያ ብድር ዋስ ይሆናሉ፤ ብድሩ ካልተመለሰ ከድጎማቸው ይቆረጣል። ለኮንትራክተር ያልተከፈለ ሒሳብም ወደ ቀጣዩ ዓመት ይንከባለላል።

5. የብሩን አቅም አትርሱ

በጀት አደገ ሲባል የገበያውን ዋጋ አብራችሁ አስቡ። በሐምሌ 2016 መጨረሻ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የፌዴራሉም በጀት አልበቃም፤ ኅዳር 2017 ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። በጀቱ በ20 በመቶ አድጎ ብረትና ሲሚንቶ በ40 በመቶ ከተወደደ የሚሠራው ትምህርት ቤት ቁጥር ይቀንሳል።

6. ዓመቱን ሙሉ ተከታተሉ

የግማሽ ዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ሁለት ቁጥር ብቻ መዝግቡ፤ የተሰበሰበ የራስ ገቢና የወጣ የካፒታል በጀት። ስድስት ወር አልፎ ካፒታሉ ሩቡ እንኳ ካልወጣ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ግዢው ይጣደፋል፤ በጀት ሳይዘጋ ልጨርስ የሚል ሩጫ ይመጣል። ያን ጊዜ ጥራት ይጎዳል። በኋላ የዋና ኦዲተሩን ሪፖርት ካገኛችሁ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ (ብሩ ወጥቶ ማስረጃው ያልቀረበበት) የሚለውን ክፍል መጀመሪያ አንብቡ።

ከካፒታል ዝርዝሩ ደግሞ በሰፈራችሁ ያለ አንድ ፕሮጀክት ምረጡ። ስሙን፣ የተመደበለትን ብርና የሚያልቅበትን ጊዜ ወረቀታችሁ ጀርባ ላይ ጻፉ። ጥር ላይ በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ሥራው ቆሞ ካገኛችሁት የቀበሌው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና፣ "ለዚህ ሥራ የተመደበው ይህን ያህል ነው፤ እስካሁን ስንት ተለቀቀ?" ብላችሁ ጠይቁ።