የቡድንን ብልህነት በአማካይ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ አንድ ነገር ይደጋገማል። የክበብ ልጆች በስልካቸው የአይኪው (የብልህነት መለኪያ) ፈተና ይሠራሉ፣ ውጤቱን ደምረው ያካፍላሉ፣ ከዚያ «ቲቸር፣ የክበባችን አማካይ 132 ነው!» እያሉ ይመጣሉ። ደስታቸው ደስ ይለኛል። ቁጥሩን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የመጀመሪያው ስህተት ዝም ያለውን ሰው መርሳት ነው። 132 የተባለው ክበብ አባላቱ 40 ናቸው። «ስንታችሁ ውጤታችሁን ተናገራችሁ?» አልኳቸው። 11 ብቻ። የቀሩት 29ስ? አንዳንዱ አልሠራም። አንዳንዱ 90 ሲመጣበት ስልኩን ኪሱ ከቷል። ከተናገሩትም ሁለቱ ሦስት ጊዜ ሞክረው ትልቁን ነው የያዙት። ይሄ እንዴት የክበቡ አማካይ ይባላል? መናገር የወደዱት ልጆች አማካይ ነው። የአይኪው ልኬት የሚዘጋጀው የሕዝቡ አማካይ 100 እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከ130 በላይ የሚያገኘው ከ100 ሰው 2 ያህል ነው። ከ40 ልጅ አንድ ቢገኝ ነው። ሁሉም ጎበዝ ሆኖ ከወጣ ፈተናውን ጠርጥሩ።

ቋንቋውን መርሳት ደግሞ እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ተማሪዎቼን በእንግሊዝኛ በተጻፈ ፈተና «ፈጣን» እና «ዘገምተኛ» ብዬ ከፈልኳቸው። አንድ ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ መጨረሻ ወጣ። ዋሸራ ቅኔ የቆጠረ ልጅ ነው። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት። ግን ግእዙን፣ ምጣኔውን፣ ሰሙንና ወርቁን ባንዴ በጭንቅላት መያዝ ትፈልጋለች። ይህን የሚችል ልጅ የከበደው እንግሊዝኛው ነበር። ከወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ በአማርኛ ባነብለት አብዛኛውን መለሰ። በዚያ ወር ግን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን ማውጣት ትቶ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አልፍሬድ ቢኔ እ.ኤ.አ. በ1905 የመጀመሪያውን የብልህነት ፈተና ያዘጋጀው እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። እኔ ልጅ ገፋሁበት።

ሰኞ ጠዋት አትፈትኑ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው በእግር ነው የሚገቡት።

አማካይን ብቻ ማየትም አለ። አምስት ልጆች 95፣ 90፣ 40፣ 40 እና 35 ቢያገኙ አማካዩ 60 ነው። 60 ያገኘ ልጅ ግን የለም። ለማን ነው ትምህርቱን የምታዘጋጁት?

ጎበዞችን ሰብስቦ ጎበዝ ቡድን አገኘሁ ማለትም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት 699 ሰዎችን በትንንሽ ቡድን ከፍሎ አሠራቸው። የቡድኑን ውጤት ከአባላቱ አማካይ ብልህነት ይልቅ በደንብ ያመለከተው፣ ተራ በተራ መነጋገራቸውና አንዱ የሌላውን ስሜት ማንበቡ ነበር። እኔም ክበቤ ውስጥ አይቼዋለሁ። ሁለት አንደበተ ርቱዕ ልጆች ጠመኔውን ሲይዙት፣ መልሱን የምታውቀው ልጅ ደብተሯን ዘግታ ትወጣለች። አሁን ጠመኔው በተራ ይዞራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ «የዚያ አካባቢ ልጅ ጭንቅላቱ በዘር ነው» የሚለው ወሬ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ አገሮች የአይኪው ፈተና አማካይ ውጤት በየ10 ዓመቱ ወደ 3 ነጥብ ሲጨምር ታይቷል። ዘር በዚህ ፍጥነት አይለወጥም። የተለወጠው ትምህርቱ፣ ምግቡ፣ ጤናው ነው። እኛም ጋ ማሳያው አንገት ላይ ነው፤ የአዮዲን እጥረት የሚያመጣው እንቅርት። በደጋችን ዝናብና ጎርፍ ከአፈሩ አዮዲኑን ያጥባል። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ሲያጥራት የልጁ አእምሮ ይጎዳል። ስለ አካባቢያችሁ አማካይ ከተጨነቃችሁ ማድ ቤት ግቡ። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ፀሐይና እርጥበት በማይደርስበት አስቀምጡት። ወጥ ላይ የሚጨመረውም ሊወጣ ሲል ነው።