ድራጎንን በጥቁር ስትጀምሩ የሚያስበሏችሁ ስህተቶች

ቼዝ ውስጥ ነጭ በኢ4 ሲጀምር ጥቁር በሲ5 ወታደር የሚመልስበት መክፈቻ ሲሲሊያን መከላከያ ይባላል። ከዓይነቶቹ ሁሉ እንደ ድራጎን፣ ጥቁር ጳጳሱን ጂ7 ላይ እንደሚያወጣበት፣ ደም የሚያሞቅልኝ የለም። ካስፓሮቭ በ1995ቱ የዓለም ሻምፒዮና ከአናንድ ጋር ሲገጥም፣ በጥቁር ተጫውቶት 11ኛውን ጨዋታ አሸንፎበታል። እኔ ደግሞ በሰባት እንቅስቃሴ ተበልቼበታለሁ።

ስህተቴ አምስቱን የመክፈቻ እንቅስቃሴዎች ሸምድጄ ከዚያ በኋላ በስሜት መሄዴ ነበር። ነጭ በስድስተኛው ጳጳሱን ኢ3 ላይ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይነግራል) አስቀመጠ። እኔም ላባርረው ብዬ ፈረሴን ጂ4 ላይ ሰካሁት። አሪፍ መስሎኝ ነበር! ሌላኛው ጳጳስ ቢ5 ላይ ብቅ ብሎ ንጉሤን ቼክ አለው። ዲ7 ላይ በጳጳስ ብከልል፣ ጳጳሴ ከንጉሤ ፊት ተቸንክሮ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ የነጭ ንግሥትም ፈረሴን በነፃ ትበላለች። በፈረስ ብከልልም ያው ነው፣ ከሲ8 ሆኖ ጂ4ን የሚጠብቀው ጳጳሴ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጳጳሳችሁን ጂ7 ላይ አውጡ።

ሌላው ስህተት ፍርሃት ነው። ነጭ በንግሥቲቱ በኩል ካስል ያደርግና (ንጉሡንና ግንቡን በአንድ እንቅስቃሴ አዛውሮ ንጉሡን ይሸሽግና) የኤች ወታደሩን እየገፋ ይመጣባችኋል። ጀማሪ ይደነግጣል፤ ቁጭ ብሎ መከላከል ይጀምራል። እዚህ ጋ ግን ጨዋታው እሽቅድምድም ነው። ግንባችሁን ሲ8 ላይ አምጡ፣ ፈረሳችሁን በኢ5 በኩል ወደ ሲ4 ላኩ። እሱ በንጉሡ በኩል ሲመጣ እናንተ በንግሥቲቱ በኩል ግቡ።

ከፍርሃቱም የሚብሰው ለግንብ መሳሳት ነው። በነጥብ ሲተመን ግንብ 5፣ ፈረስ 3 ነው። ድራጎን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ግንቡን ሰጥቶ ሲ3 ላይ ያለውን የነጭ ፈረስ መብላት ያዋጣል። ነጭ በቢ ወታደሩ መልሶ ሲበላ የንጉሡ አጥር ይፈርሳል፤ የጂ7 ጳጳሳችሁም በረጅሙ ሰያፍ መስመር ያን ያየዋል። ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ንግሥታችሁና ሌላኛው ግንብ ለጥቃቱ ካልደረሱ ግንባችሁን በከንቱ ሰጣችሁ ማለት ነው። ለዚያ ጳጳስም ስሱለት። ነጭ ኤች6 ላይ መጥቶ ሊለዋወጠው የሚፈልገው ወዶ አይደለም።

ድራጎንን ብቻ ተምሮ ሰሌዳ ፊት መቀመጥም ያስቸግራል። ነጭ በሁለተኛው እንቅስቃሴ ወታደሩን ሲ3 ላይ ከገፋ ያሰባችሁት ጨዋታ ላይመጣ ይችላል። በዲ4 ከጀመረ ደግሞ ጭራሽ ሲሲሊያን የለም።

የአንድ ደቂቃ ጨዋታ ላይ መለማመዱንም ተዉት። እኔ ያችን የጂ4 ፈረስ ሦስት ጊዜ የሰጠሁት እዚያ ነው።